መስኮት ላይ የሞተው ኢንዛይም

በሬው ጭቃ ላይ አዳልጦት እግሩ ባይሰበር ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ እንዲህ ስብከነከን ባልኖርኩ ነበር። ግን በሬው ምን አጠፋ? በሬ ምን ያውቃል? እኔን ያንጨረጨሩኝ የሚያውቁት ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ልናገረው፤ አለዚያ ሰው «ያቺ ሴትዮ በሥጋ ምክንያት ከአለቆቿ ጋር ተቧቀሰች» እያለ ያወራል። ሲያወራም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። እዚያው አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ቆየሁና በስንት ደጅ ጥናት የትምህርት ፈቃድ አግኝቼ ለማስተርስ ደብረ ታቦር ገባሁ። የተማርኩበትን ግቢ ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት ምን ይጠቅመኛል። ርእሰ መምህራችን ሲሸኙኝ «ስሚ፣ ፈቃዱ አንዴ ነው። ሳትጨርሺ ብትመለሺና እንደገና ልሂድ ብትይ አልሰማሽም» ብለውኛል። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የእኔን ክፍለ ጊዜ ሁሉ የሚሸፍነው አንድ ምስኪን መምህር ብቻ ነበር። እንግዲህ ወይ እስከ መስከረም መጨረስ ነው፣ ወይ እጄን አጣጥፌ እንደሄድኩ መመለስ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ሕዋስ መከፈል ነበር። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው ላስረዳ። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል ውስጡ እጅግ የቀጠኑ ክሮች ይዘረጋሉ፤ ማይክሮቱቡል ይባላሉ። ክሮሞሶሞቹን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ሕዋሱ በየት በኩል መሰንጠቅ እንዳለበትም የሚነግሩት እነሱ ናቸው። እነዚህን ክሮች የሚያፈርስ መድኃኒት ድሮም አለ፤ ችግሩ መድኃኒቱ ሕዋሱ ውስጥ ከገባ ያገኘውን ክር ሁሉ ነው የሚያፈርሰው። የሠርግ ድንኳን የቱ ገመድ የቱን ጎን እንደያዘ ማወቅ የፈለገ ሰው ገመዱን ሁሉ ባንዴ ቢበጥስ ምን ያውቃል? ድንኳኑ ይወድቃል፣ በቃ። ባንድ ጎን ያለውን ብቻ ቆርጦ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ኢንዛይም አለ። ክሮቹን እየቆራረጠ የሚጥል፣ ሥራውንም ባስቀመጡት ቦታ ዙሪያ የሚጀምር።

አማካሪዬ ከደቡብ የመጣ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ ሐሳቡ ግን ደፋር ነው። «ትልቅ ሕዋስ እንፈልግ» አለኝ። «በእኛ ማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ በእጅ በተሠራ መርፌ የሚወጋ።» ትልቅ ሕዋስ ማለት የእንቁራሪት እንቁላል ነው፤ ያለ ማይክሮስኮፕም በዓይን ይታያል። እንቁራሪት ደግሞ በክረምት የጉና ተራራ ሥር ጅረቱን ሁሉ ሞልቶታል። ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ እሳት ላይ እያለሰለስኩ፣ እየሳብኩ መርፌ መሥራት ተማርኩ፤ ስንቱን እንደሰበርኩ አይጠየቅ። ኢንዛይሙን አማካሪዬ ውጭ አገር አብሮት የተማረ ሰው በደረቅ በረዶ አሽጎ ላከልን። ራሱ ባሕር ዳር ወርዶ ተቀበለና ሚኒባስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎት መጣ። «አውርደው፣ ከላይ እንጫነው» ቢሉት እምቢ አለ።

ብልቃጦቹ ትናንሽ ናቸው፤ የያዙትም ጥቂት ጠብታ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ከባድ ዲፕ ፍሪዘር ነበረ፤ ከተራ ፍሪጅ በብዙ የሚበልጥ፣ እጅ ያለ ጓንት ቢገባበት የሚያቃጥል። እዚያ ገባ። ከዚያ ካወጡት እበረዶ ላይ ሆኖ ለጥቂት ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ከሞቀ አለቀለት፤ መልሰው ቢያቀዘቅዙትም አይነሣም። ሰውየው ሁለተኛ መላክ እንደማይችል አስቀድሞ ነግሮናል። እኔም የፍሪዘሩ በር ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ከዚህ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይወጣ። ከወጣ ይሞታል።» በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ማንበብ የማይችል ሰው እዚያ ሕንፃ አይገባም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሠራልኝ። እንቁላሉ ሲከፈል መጀመሪያ ከላይ እንደ ድፎ ዳቦ ስንጥቅ ይወጣበታል፤ ስንጥቁ በሁለቱም ጎን ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች ሲገናኝ ሁለት ይሆናል። በደብረ ታቦር ብርድ ይኼ ሁሉ በዝግታ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ለመውጋት ጊዜ አይገኝም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ግራ ጎኑን ወጋሁት። ጠበቅሁ። ከላይ ስንጥቁ ወጣ። በቀኝ በኩል ወረደ፣ ወረደ። በግራ በኩል ትንሽ መጣና መርፌው የነካው ቦታ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ቀጥ አለ! ፎቶ አነሣሁትና ሌላ ወጋሁ፤ ያም ቆመ። ሌላም። «ጉድ! ጉድ! ኑ እዩ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጥበቃው እባብ የነደፈኝ መስሎት ዱላውን ይዞ መጣ።

አማካሪዬ እየሮጠ መጥቶ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀነ። ፊቱ በራ። ከዚያ ቀና ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መርፌው ጎድቶት ቢሆንስ?»

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው። የወጋሁት በጣት የሚቆጠር እንቁላል ነው። በዚህ ብቻ ማንም አያምነኝም። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ሕያው ኢንዛይም በብዙ እንቁላል ላይ መድገም። ሁለተኛ፣ አንዱን ብልቃጥ አፍልቶ ገድሎ የሞተውን በዚያው መርፌ መውጋት። የሞተው ስንጥቁን ካላቆመው ጥፋቱ የመርፌው አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ካልተሟሉ ሥራዬ ሥራ አይባልም። እንቁራሪቶቼ ደግሞ እንቁላል መጣል አቁመዋል። ዝናቡ ሳያባራ አዲስ ማምጣት ነበረብኝ።

በፍልሰታ ጾም መሐል ባልዲ ይዤ ጉና ሥር አክስቴ ቤት ሄድኩ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ጭቃ ለጭቃ እንቁራሪት ሳሳድድ ያየኝ ገበሬ ሁሉ አማተበ። አንዲት ጎረቤት በሱባኤ መተት የምትቀምም ሴት መጣች ብላ አስወራችብኝ። አክስቴ ወገቧን ይዛ ወጣችና «ይቺ ልጅ ያስተማረችው አሁን ሐኪም ሆኗል! እንኳን እንቁራሪት እባብ ብትሰበስብ ምን አገባሽ?» ብላ አፏን አስያዘቻት። ቤት ስትገባ ግን ቀስ ብላ «እውነት ግን፣ በሞቴ፣ ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። ስነግራት አገጯን ይዛ ሰማችና «እና ግማሹ ቆመ?» አለች። «ቆመ» አልኳት። «እሰይ» አለች። ከዚያ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቃተኝና ካሰብኩት በላይ ቆየሁ።

እኔ ወንዝ አግቶኝ ጉና ሥር ተቀምጬ ሳለ ነው በሬው የወደቀው።

የትምህርት ክፍላችን ሰዎች በየበዓሉ ቅርጫ ይገባሉ። ለፍልሰታ ፍቺም በሬ ገዝተው ግቢው ጓሮ አስረውታል፤ ጾሙ ሲፈታ ሊያርዱት። ቡሄ ዕለት በዝናቡ መሐል ውኃ ሊያጠጡት ሲነዱት ቦዩ ላይ አዳለጠው፤ እግሩ ተቀነጠሰ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ምን ይደረግ? ማረድ ነው። ታረደ። አሁን በጾም መሐል የስንት ሰው መደብ ሥጋ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ማን ነው በፍልሰታ ሥጋ ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ? ሚስቱ ታስገባዋለች? ጎረቤትስ ምን ይላል? ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዘግቷል። ይኼን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቆመው አሰቡ፣ አሰቡና «ላቦራቶሪው ውስጥ ያ ትልቁ ፍሪዘር አለ አይደል?» አሉ።

የፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ ባልዲዬን ታቅፌ ከባጃጅ ወረድኩ። እንቁራሪቶቼን ውኃ ቀየርኩላቸውና ብልቃጤን ላወጣ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ታፋ! እኔን አፍጥጦ የሚያይ የበሬ ታፋ። ከሥሩ ጎድን፣ ከጎድኑ ሥር ሽንጥ፣ ሁሉም በፌስታል በፌስታል ታስሮ፣ ድንጋይ ሆኖ፣ በረዶ ለብሶ። የእኔ ሣጥን የለችም። መጀመሪያ የተሳሳተ ክፍል የገባሁ መስሎኝ ወጥቼ በሩን አየሁ።

ቴክኒሻኑን ጠራሁት። ደግ ሰው ነው፤ ለሰው እምቢ የማይል፣ ቁልፍ ሲጠይቁት ሁለት ይሰጣል። እየሣቀ መጣ።

«ሣጥኔስ?»

«አይዞሽ እህቴ፣ በክብር ነው ያወጣናት። ያውልሽ መስኮቱ ላይ።»

መስኮቱ ላይ! ሣጥኗ በውጭ በኩል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ዝናብ እንዳይነካት ፌስታል አልብሷታል፤ ነፋስ እንዳይወስዳት ድንጋይ ጭኖባታል። ብልቃጦቹን አወጣኋቸው። ውኃ ናቸው፣ ሲነቀነቁ የሚጫወት ውኃ።

«የደብረ ታቦር ነሐሴ ራሱ ፍሪጅ አይደል?» አለኝ። «ጉና ራስጌያችን ላይ ሆኖ ምን ይበላሻል ብለን ነው። እኔ ራሴ ማታ ማታ እየዳሰስኩ አያታለሁ፤ ሁሌም ቀዝቃዛ ነች።»

እንዲህ ያለውን ደግ ሰው ይግደልህ አይባልም። ድንጋይ መጫኑን፣ ማታ ማታ መዳሰሱን ሳስብ ሰውየውን ልመታው ወይስ ልስመው አላውቅም። ዞሬ ፍሪዘሩን በረገድኩትና ያን ታፋ በሁለት እጄ ታቅፌ በመስኮት ወረወርኩት። ሣሩ ላይ ጓ! ብሎ አረፈ። ሁለተኛውን ሳነሣ ቴክኒሻኑ ወገቤን ያዘኝ። «ኧረ በማርያም! ኧረ በእመቤቴ ጾም!» የግቢው ውሾች ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ ተሰበሰቡ። ጥበቃው ዱላውን ይዞ መጣ፤ ይኼኛው ጊዜ እውነትም ሥራ ነበረው።

ኃላፊው ጃንጥላቸውን እንደያዙ ደረሱ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ በቤተ ክህነት ያደጉ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? የሰው ሥጋ ለውሻ ይጣላል?»

«አንቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን አላዩም?»

«አየሁ።»

«ምን ይላል?»

«ከወጣ ይሞታል ይላል። እኛ ደግሞ መድኃኒት ነገር መሰለንና ብርድ ላይ አኖርነው። ልጄ፣ ጠብታ ውኃ እኮ ነው። የስንት ቤተሰብ የበዓል ሥጋ ይበስብስ ነው የምትይ?»

«ይበስብስ!» አልኩ። «ይበስብስ! እኔ የጠፋብኝ ዓመት ነው! የተሰጠኝ አንድ ዕድል ነው! አሁን ምን ይዤ ነው የምመለስ፣ ሽንጥ?»

«ሽንጥማ አለሽ» አሉ፣ ሳይቀልዱ። «ባትኖሪም ብለን መደብ አስገብተንልሻል። ነገ ዕጣሽ ይወጣል።»

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ አለቀስኩ። ያለቀስኩትም ከንዴት ነው፤ የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ ሲነካኝ እጁን ወረወርኩት። በማግስቱ የበዓል ፀሐይ ወጣ፣ እነሱም ታፋ የጎደለበትን ሥጋቸውን ዕጣ ጥለው ወሰዱ። ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰነባብቶ ሽማግሌ መጣ። እኔ አጥፊዎቹ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አጥፊዋ እኔ ነኝ! ታፋ የጣልኩት እኔ ነኛ። ስለ ታፋው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባጃጅ ላይ ስሳፈር ሹፌሩ «የታፋዋ ልጅ አንቺ ነሽ አሉ» አለኝ። ስለ ብልቃጦቹ ግን ማንም አልሰማ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ ሽማግሌ መምህር ናቸው ያስማሙን። እኔ ለታፋው ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጥርሴን ነክሼ። ኃላፊው ደግሞ «ለሣጥኗም ቢሆን ይቅር በይኝ» አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን። እዚህ ላይ ቢያቆሙ እኔም ተውኩት ነበር።

አላቆሙም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አሁን የልጅቱን ነገር እንይ» አሉ። «ጊዜዋ አለቀ፣ ሥራዋም ተበላሸ። እንዲራዘምላት ምክንያት ያስፈልጋል። ሥጋ ምክንያት አይሆንም፤ ማን ሥጋ ተብሎ ያራዝማል? መብራት ግን ምክንያት ነው። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሞቀ ብላ ትጻፍ። ኃላፊውም ያጸናሉ። ለትምህርት ቤቷም ከአቅም በላይ ሆኖባት ነው ብለን እንጽፍላታለን፤ ፈቃዷ አንድ ዓመት ይጨመራል።»

«አባ፣ መብራት መቼ ጠፋ?» አልኳቸው። «ዓመቱን ሙሉ ስናለቅስበት የከረምነው መብራት ያን ሳምንት ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም! ጠፍቶ ቢሆንማ ሥጋችሁ ድንጋይ ሆኖ ይወጣ ነበር?»

«ልጄ፣ ይኼ ውሸት አይደለም፣ ነገር ማብረጃ ነው።»

ከሽማግሌ ፊት ስወጣ አማካሪዬ ደጅ ይጠብቀኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ብልቃጦቹ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ፊቱ ግን ከስሏል። «ተቀበያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንድ ዓመት ካገኘሽ ጓደኛዬን እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን እለምነዋለሁ። ክረምት ተመልሶ ይመጣል።»

አልዋሽም፣ ልቤ ተከፍሎ አደረ። አንድ ዓመት! አንድ ክረምት! ምን ይጎዳኛል? መብራት ኃይልን ማን ሰድቦ ያልጠገበ አለ፣ የእኔ አንድ ስድብ ምን ይጨምርባቸዋል? ግን ደግሞ አሰብኩት። ለላከልን ሰው ምን እንለዋለን? መብራት በሚጠፋበት አገር ነው ያለነው ካልነው ደግሞ ምን ብሎ ይልካል? እሱም ይቅር። ስለ ፍሪዘሩ ከዋሸሁ፣ ያ የግራው ስንጥቅ መቆሙንስ በምን አፌ እናገራለሁ? እኔ «አየሁ» ከማለትና ከአንዲት ፎቶ በቀር ምን ምስክር አለኝ? አንዷን ነገር የዋሸች ሴት ሌላውን አየሁ ብትል ማን ያምናታል? ጠዋት ሄጄ «አልጽፍም» አልኩ። ሽማግሌው ተቀየሙኝ። ኃላፊው «እንግዲህ ባለሽ ነገር ተከላከይ» አሉኝ፤ ቂም ይሁን ሐዘን አልለየሁትም፣ አሁንም አልለየሁትም።

ባለኝ ነገር! ያለኝ ምን ነበር? በሕያው ኢንዛይም የተወጉ ጥቂት እንቁላሎች፣ አንድ ባልዲ እንቁራሪት፣ እና የፈለግሁትን ያህል የሞተ ኢንዛይም። ድሮ አንዷን ብልቃጥ ለማፍላት ስሳሳ የከረምኩ ሴት አሁን ሁሉም ሞቶልኛል። እልህ ያዘኝ። መጀመሪያ ከየብልቃጡ አንዳንድ እንቁላል ወግቼ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዷ እንኳ ተርፋ እንደሆነ ብዬ። አልተረፈችም። እንግዲህ የሞተውን ወጋሁ። ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሬ እስኪጨልም ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ወጋሁ፣ ወጋሁ፣ ወጋሁ። መርፌው ያው፣ እጄ ያው፣ ግራ ጎኑ ያው። ስንጥቁ በቀኝም በግራም ይወርዳል፤ ታች ይገናኛል፤ ሁለት ይሆናል። አንድም አልቆመም። እያንዳንዱ እንቁላል ሲከፈል መርፌው ንጹሕ መሆኑን እየመሰከረልኝ ነበር፤ ያኔ ያቆመው ኢንዛይሙ ነበር ማለት ነው። አማካሪዬ ጠረጴዛውን መታ፤ ያን ለስላሳ ሰው ጠረጴዛ ሲመታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ጥቂትም ቢሆን ሕያው አለሽ፣ የሞተውም ብዙ አለሽ። ሊያልፍ ይችላል» አለኝ። ተስፋ አደረግሁ። እኔ ሞኟ።

ሥራዬን ፈታኞች ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ ጳጉሜን ላይ ሆነ። ሰብሳቢው እኚያው ኃላፊ ናቸው። ከሌላ ከተማ የመጣ የውጭ ፈታኝ አለ፤ ፈጣን፣ ሥራ የሚያውቅ፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው። አቀረብኩ። ያን በግራ በኩል ቀጥ ያለውን ስንጥቅ ፎቶ ሳሳይ ፈታኙ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «በጣም ቆንጆ ነው» አለ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ግን ሕያው የተወጉት ለምን እንዲህ አነሱ? ለምን አልደገምሽውም?»

ከእኔ በፊት ኃላፊው ተናገሩ። «ያው ያገራችን ችግር ነው፣ መብራት...»

«መብራት አልነበረም» አልኩ።

አማካሪዬ ዓይኑን ጨፈነ።

«መብራት አልነበረም። የቅርጫ በሬ በጾም እግሩ ተሰበረ፤ ሥጋው ፍሪዘሩ ውስጥ ገባ፤ ኢንዛይሜ መስኮት ላይ ወጣ። እዚያው ሞተ።»

ከዚያ ፈታኙ ሣቀ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሣቀ። ሰውም ተከተለው፤ ኃላፊው ራሳቸው እያፈሩ ሣቁ። እኔ ምን እንደሚያሥቅ አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም። ሰው ወንበሩን እየመታ ሲሥቅ እኔ እዚያ ፊት ለፊት ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ፤ ቢቻለኝ ሁሉንም አንድ በአንድ በመስኮት በወረወርኳቸው።

አስወጡኝ፤ ተመካከሩ፤ መልሰው ጠሩኝ። ፈታኙ አሁን አይሥቅም፤ እንዲያውም አዘኔታ ነበረው። «እውነቱን መናገርሽን አከብራለሁ» አለ። «አልፈሻል። ግን ሕያው የተወጉት በዚህ ቁጥር ውጤት አይባሉም። እነሱን ከጽሑፉ ታወጫቸዋለሽ። በቂ መረጃ ያለሽ በሞተው ላይ ነው። ርእሱም እንደዚያው ይስተካከል።»

«ፎቶውስ?» አልኩት። «ያ ቆንጆ ያልከው?»

«እሱንም» አለ።

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ልክ ነው። ሕጉ ልክ ነው፤ እኔም ተማሪዬን እንደዚያው ነው የምለው። የሚያበግነኝ ይኼ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ልክ ነበር። ጥፋተኛ ልፈልግ ብል ማን አለ? ሣጥኔ ላይ ድንጋይ የጫነው ደግ ሰው? የሰው በዓል እንዳይበላሽ የተጨነቁት ኃላፊ? ሁሉም እንደየአቅሙ አሳቢ ነው። አሳቢነታቸው ሁሉ ግን ለሥጋው ሆነ፤ ለእኔ ለጠብታዋ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ኃላፊው ፊርማቸውን አኑረው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አየሽ፣ ሁሉ ለበጎ ነው» አሉኝ። «ኢንዛይሙ ባይሞት ኖሮ ይኼን ሥራ አትሠሪም ነበር።» ከልባቸው ነው ያሉት። እጄን ቀማኋቸውና ወጣሁ፤ ጨዋነት እዚያ ላይ አለቀብኝ።

መስከረም ላይ ማስተርሴን ይዤ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ። ርእሰ መምህራችን በጭብጨባ ተቀበሉኝ፤ ሰልፍ ላይ አቁመው ለተማሪው ሁሉ አስተዋወቁኝ። ክፍል ስገባ አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ምን አገኙ?» አለችኝ። ሕዋስ፣ ክር፣ ኢንዛይም ብዬ ነገርኳት። ግራ ጎኑን ወግቼ ግራው ሲቆም እንዳየሁ ነገርኳት። «መጽሐፉን እናንብበው?» አለች።

ምን ልበላት? መጽሐፉ አለ። ደብረ ታቦር፣ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ ጥቁር ሽፋን ለብሶ፣ የእኔ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበት ተቀምጧል። ፈልጋ ብታገኘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታነበው አንድ ነገር ነው። በእኔ ስም በተጠረዘው ሥራ ውስጥ ሁሉም እንቁላል በሰላም ተከፍሏል፤ የቆመ አንድም የለም።